ጎማዬ ከበደ፣ ቤንዚኔም ጨመረ፤ ጥፋቱ የክብደቱ ነው?

ጥያቄው፦ «ሞዴል 2008 ያሪስ አለኝ፤ ባለ 1000 ሲሲ፣ ማኑዋል። ከሽሮ ሜዳ ሜክሲኮ እመላለስባታለሁ። ከፋብሪካ የመጣው 175/65 አር 14 ጎማ ሲያልቅብኝ 195/55 አር 16 አዲስ ጎማ ከነአሎይ ቸርኬው ገዝቼ አስገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ሽቅብ ላይ አልነሳ አለችኝ። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው አሁን 12 ላይ ቆማለች። አንድ መካኒክ 'ጎማው ከብዷት ነው' አለኝ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው አሮጌው ከነብረት ቸርኬው 13 ኪሎ፣ አዲሱ 17 ኪሎ ተኩል ሆነ። ነፋሱንም አስለካሁ። በሩ ላይ የተጻፈው 32 ነው፣ ጎማው ውስጥ የተገኘው ግን 26። አሎይ ቸርኬ ቀላል ነው ሲባል አልነበር? ቀለል ያለ ጎማ ልፈልግ ወይስ ሌላ ነገር አለ?»

መካኒኩ ግማሹን አግኝቶታል። ጎማ ሲከብድ የመኪና አነሳስ ይከብዳል። ፍሬኑም ሥራ ይበዛበታል። ቤንዚንዎን የበላው ግን ክብደቱ አይደለም። ጨመረ ካሉት ቤንዚን ውስጥ የክብደቱ ድርሻ ከአስር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ጭራሽ አልጨመረም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዎ ነው የሸወደዎ። ቀሪውን የበላው የጎማው ስፋት፣ አዲስነትና የነፋሱ ማነስ ነው።

ከቆጣሪው እንጀምር። ጎማው ላይ ካለው ጽሑፍ 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ነው፤ ከስፋቱ 65 በመቶ ማለት። 14 የቸርኬው ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በኢንች ነው። ቸርኬው ከላይና ከታች ካለው የጎማ ጎን ጋር ሲደመር አሮጌው ጎማዎ ከጫፍ እስከ ጫፍ 583 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱን በዚሁ መንገድ ሲያሰሉት 621 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 6 ነጥብ 5 በመቶ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ጠመኔ ይያዙ። ሜዳ ቦታ ላይ ጎማውና አስፋልቱ በሚነካኩበት ቦታ ሁለቱንም ምልክት ያድርጉባቸው። መኪናዋን ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ ቀስ ብለው ይግፏትና ርቀቱን በሜትር ይለኩ። በስኮርታው ጎማ ልክ ከሚያገኙት ከ11 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

ቆጣሪው መንገድ አይለካም። ዙር ነው የሚቆጥረው። ፋብሪካው «አንድ ዙር ይህን ያህል ርቀት ነው» ብሎ ለትንሹ ጎማ አስተካክሎታል። ጎማው ሲተልቅ በእያንዳንዱ ዙር 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይመዘገብ ያልፋል። ቆጣሪዎ 100 ኪሎ ሜትር ሲል በእውነት የተጓዙት 106 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ በሊትር 12 ያሉት ትክክለኛው 12 ነጥብ 8 ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ ደግሞ ድሮ 7 ነጥብ 1 ሊትር ይሄድ ነበር። አሁን 8 ነጥብ 3 የሆነ መስሎዎታል። እውነተኛው 7 ነጥብ 8 ነው። ጭማሪው ከ1 ነጥብ 2 ሊትር ወደ 0 ነጥብ 7 ወረደ፤ ገና ጋራዥ ሳንገባ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የፍጥነት መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ፋብሪካዎች መለኪያውን ከእውነተኛው ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርገው ስለሚሠሩት የተወሰነው ይካካሳል። ግን በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ መለኪያውን አምነው ከወሰኑ ጫፍ ሲነዱ ሳያውቁት ሊያልፉ ይችላሉ። የስልክዎን ጂፒኤስ ከፍተው አንዴ ያመሳክሩት።

አሁን ወደ ክብደቱ። በአንድ እግር 4 ኪሎ ተኩል፣ በአራቱም 18 ኪሎ ጨምረዋል። ይህ 18 ኪሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቢቀመጥ እንደ ማንኛውም ጭነት ነበር። ጎማ ላይ ሲሆን ግን ሁለት ጊዜ ይገፋል። አንዴ ከመኪናዋ ጋር ወደ ፊት እንዲሄድ፣ ሁለተኛ ደግሞ እንዲሽከረከር። ክብደቱ ከመሀል ወደ ዳር በራቀ ቁጥር ማሽከርከሩ ይከብዳል። ጠጠር በአጭር ገመድና በረጅም ገመድ አስሮ ማሽከርከር ልዩነቱን ያሳያል። የጎማ አብዛኛው ክብደት ጥርሱና ከሥሩ ያለው የሽቦ ቀበቶ ላይ ነው፤ ማለትም ዳር ላይ። ስለዚህ መኪና ስትነሳ ጎማ ላይ ያለ 1 ኪሎ እንደ 1 ነጥብ 8 ኪሎ ይቆጠራል። ቸርኬ ላይ ያለው ወደ መሀል ስለሚቀርብ ወደ 1 ነጥብ 5 ይጠጋል። «ጎማ ላይ ያለ 1 ኪሎ 10 ኪሎ ነው» የሚል ወሬ ከሰሙ ይርሱት። ክብደቱ በሙሉ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ቢሆን እንኳ ከሁለት እጥፍ አያልፍም።

የእርስዎ 18 ኪሎ በዚህ ስሌት ወደ 30 ኪሎ ይመጣል። ይህን ወደ ቤንዚን እንቀይረው። ከቆሙበት ተነስተው 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርሱ ያ 30 ኪሎ የሚጠይቀው ጉልበት ወደ 1850 ጁል ነው። ሜክሲኮ እስኪደርሱ መብራቱ፣ ታክሲው፣ እግረኛው ያስቆምዎታል። በኪሎ ሜትር ሦስቴ ቆመው ተነሱ እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 300 ጊዜ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሚሊዮን ጁል ትንሽ ያልፋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሚሊዮን ጁል ያህል አለ። ሞተሩ ከዚያ አንድ አምስተኛውን ብቻ ወደ ጎማ ያደርሳል። ሲካፈል 0 ነጥብ 09 ሊትር ይሆናል። ሽቅቡስ? 18 ኪሎን 200 ሜትር ከፍታ ላይ ማውጣት የሚጠይቀው 5 ሚሊ ሊትር ያህል ቤንዚን ነው። ሁሉንም አጠጋግተን በ100 ኪሎ ሜትር 0 ነጥብ 1 ሊትር እንበለው። በወር 1000 ኪሎ ሜትር ቢነዱ አንድ ሊትር። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜም ቢሆን ለዚህ ብሎ ጎማ የሚቀይር የለም። ረጅም መንገድ ላይ ፍጥነትዎ ሳይቀያየር ሲሄዱ ደግሞ ይህም ቢሆን ወደ ምንም ይጠጋል። የሚሽከረከር ክብደት ቤንዚን የሚጠይቀው ፍጥነት ሲጨምሩ ነው እንጂ መሽከርከሩን ለማስቀጠል አይደለም።

ታዲያ ሽቅብ ላይ ለምን አልነሳ አለች? ስሜትዎ ልክ ነው። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ክብደቱ ሳይሆን የጎማው ቁመት ነው። ጎማ ሲተልቅ ማርሽ ሁሉ «እንደረዘመ» ይቆጠራል። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ያንኑ ያህል ቢያዞርም መሬቱን የሚገፋው ጉልበት ወደ 6 በመቶ ይቀንሳል። የክብደቱ ተጽዕኖ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 9 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የማን ሞተር እንደሆነ ያስቡ። ያ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ፋብሪካው ላይ 69 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። እጅዎ ላይ ያለው 50 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ላይ የሽሮ ሜዳ ዳገት አለ። 2 ሺህ ሲሲ መኪና ላይ የማይታወቅ ልዩነት እዚህ ላይ እግርዎ ድረስ ይሰማል።

ዞሮ ዞሮ ይህም ወደ ቤንዚን ይመጣል። በሁለተኛ ይወጡት የነበረውን ዳገት አሁን በአንደኛ ይወጣሉ፣ ወይም በሁለተኛ እስከ ወለሉ ይረግጣሉ። ፍሪሲዮኑንም ለመነሳት ረዘም አድርገው ያንሸራትቱታል። የፍሪሲዮን ሽታ ካለ እንዳይዘገዩ። ፍሬኑም ጋ ያው ነው። ጎማው ስለተለቀ በዚያው የእግር ግፊት የሚገኘው የማቆም ኃይል በ6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሚቆመው ክብደት ደግሞ ጨምሯል። ቁልቁል ሲወርዱ ርቀት ይጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ቤንዚን በሊታ እንምጣ። ጎማ መሬት በሚነካበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሲያልፍ ተመልሶ ይከብባል። በአንድ ዙር አንዴ ይታጠፋል፣ አንዴ ይዘረጋል። ላስቲክ ሲታጠፍ የወሰደውን ጉልበት ሲዘረጋ ሙሉውን አይመልስም። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ከጉዞ በኋላ ጎማውን በእጅዎ ሲነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው። ያ ሙቀት የገዙት ቤንዚን ነው። እንደ እርስዎ መኪና ዓይነት ላይ፣ ሰው ተጭኖበት፣ ለዚህ መታጠፍና መዘርጋት በ100 ኪሎ ሜትር ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ የምትመጣ ትንሽ ለውጥ ከክብደቱ ትበልጣለች።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ ጎማ ካለቀ ጎማ የበለጠ ቤንዚን ይበላል። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ የሚታጠፈው ላስቲክ ወፍራም ነው። ጥርሱ እያለቀ ሲሄድ የሚበላው ጉልበት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እርስዎ ያነጻጸሩት ያለቀውን የ14 ጎማ ከአዲሱ የ16 ጎማ ጋር ነው። የ14ቱን አዲስ ገዝተው ቢሆን ኖሮም ወደ 0 ነጥብ 3 ሊትር ይጨምርብዎ ነበር። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ጎማው ሲለብስ ይመለሳል። «እንግዲያው ባለቀው ልቀጥል» እንዳይሉ ብቻ። ክረምት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውኃ ማስወጫ ስለሌለው አስፋልቱን ለቆ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪም ፍሬንም አይሠራም። በብዙ አገር ሕግ የጥርሱ ዝቅተኛ ጥልቀት 1 ነጥብ 6 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ በእኛ ዝናብ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ መቀየሩን እመርጣለሁ።

ነፋሱን ልጨምር። 32 መሆን ሲገባው 26 ነው ብለዋል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ስሌት የአራቱ ጎማዎች አማካይ ነፋስ በ1 ፒኤስአይ (በሩ ላይ ያለው 32 የተጻፈበት መለኪያ) ሲወርድ ነዳጅ በ0 ነጥብ 2 በመቶ ይባክናል ይላል። በ6 ፒኤስአይ 1 ነጥብ 2 በመቶ ነው። ለእርስዎ 0 ነጥብ 09 ሊትር። ልብ ይበሉ፤ ያ ሁሉ 18 ኪሎ ብረትና ላስቲክ የሚያባክነውን ያህል ነፋስ መጉደሉ ብቻውን ያባክናል። ማስተካከያው ደግሞ ጎሚስታ ጋ አምስት ደቂቃ ነው። ጎሚስታው ጎማውን በእግሩ መትቶ «በቂ ነው» ካለዎ ሌላ ጋ ይሂዱ። የራስዎ መለኪያ ቢኖርዎ ይመረጣል። ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ይለኩ። ጎማ ሲሞቅ ንባቡ ይጨምራል፤ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት 1 ነጥብ 5 ፒኤስአይ ገደማ። ቀትር ላይ ሞቆ 32 ያነበበ ጎማ ጠዋት 29 ሊሆን ይችላል።

ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው 40 እንዳያስሞሉ። ጎማው መሀሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ መሀሉ ቶሎ ያልቃል፣ ኮብልስቶን ላይ ይዘላል፣ ፍሬን ሲይዙም ይንሸራተታል። ከተጻፈው 2 ያህል ከፍ ማድረግ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

እስካሁን 0 ነጥብ 1 ለክብደቱ፣ 0 ነጥብ 3 ለአዲስነቱ፣ 0 ነጥብ 09 ለነፋሱ አግኝተናል። ከ0 ነጥብ 7 የቀረው ወደ 0 ነጥብ 2 ሊትር ነው። ይህ በጎማው አሠራርና ስፋት፣ በዳገቱ አረጋገጥዎና በአለካክ ስህተት መካከል ይከፋፈላል። ይህን በትክክል የሚከፋፍልልዎ መካኒክ የለም፤ እኔም አልሞክርም። ግን የጎማ አሠራር ልዩነት ቀላል እንዳይመስልዎ። በአውሮፓ ጎማ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የነዳጅ ደረጃ የሚያሳይ ተለጣፊ አለው። ከግንቦት 2021 ጀምሮ ደረጃው ከኤ (A፣ በጣም ቆጣቢው) እስከ ኢ (E) ነው። አንድ ዓይነት መጠንና ተመሳሳይ ክብደት ያላቸው ሁለት ጎማዎች አንዱ ቢ፣ ሌላው ኢ ሊሆኑ ይችላሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ጎማ ለመንከባለል የሚበላው ጉልበት በ10 በመቶ ሲቀንስ ነዳጅ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይተርፋል። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ ተለጣፊው ካልተነሳ ይዩት። ሻጩ «ይህ ቀላል ነው» እያለ ጎማ አንስቶ ቢያሳይዎ አይማረኩ። የሚጠይቁት ደረጃውን ነው።

ስለ አሎይ ደግሞ የሰሙት ወሬ ግማሽ እውነት ነው። አሉሚኒየም ከብረት ይቀላል። ግን እየቀለጠ በሻጋታ የሚፈስስ ርካሽ ቸርኬ እንዳይሰበር ወፍራም ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ በአንድ መጠን ላይ እንኳ ከብረቱ የሚተርፈው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ነው። አንዳንዴ ምንም አይተርፍም። በእውነት የሚቀለው ተቀጥቅጦ የሚሠራው ነው። ዋጋው ግን ለያሪስ የሚመከር አይደለም። እርስዎ ደግሞ ከ14 ወደ 16 ነው የወጡት። ትልቅ አሎይ ከትንሽ ብረት ሊከብድ ይችላል። ሚዛንዎ ያሳየዎትም ይኸው ነው። ገዝቶ ከመመዘን መዝኖ መግዛት ይሻላል። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

ክብደቱ በእውነት የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፤ መንገዱ ላይ። ጎማና ቸርኬ ከሞላው በታች ናቸው። ጉድጓድ ሲገቡ ሞላው የመኪናዋን አካል ይሸከማል፤ ጎማውን ግን የሚይዘው የለም። ከባድ ጎማ አንዴ ወደ ላይ ከተወረወረ ለመመለስ ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት መሬት አይነካም፤ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም። ሾክ አብዞርበሩ ይህን ለመግታት ሲታገል ቶሎ ይደክማል። ቴስቲናውና ኩሽኔታው ላይም ዱላው ይበዛል። በተለይ ቸርኬው ከፓራፋንጎው ወጣ ያለ ከሆነ ኩሽኔታው ከታሰበለት ውጭ ይጫናል። ሰፈርዎ ኮብልስቶን ካለው ይህ ወጪ በዓመት ከቤንዚኑ ሊበልጥ ይችላል። መኪናዋ ውስጥ ሆነው ኮብልስቶን ላይ የሚሰማዎ ድብደባ ከድሮው በዝቶ ከሆነ መልሱ ይህ ነው።

«ቀለል ያለ ጎማ ልፈልግ ወይ?» ላሉት፦ አይፈልጉ። ጎማ የሚቀለው ላስቲክ፣ ሽቦ ወይም ጨርቅ ሲቀነስለት ነው። ጥሩ አምራች ይህን በብልሃት ያደርገዋል፤ ርካሹ ዝም ብሎ ይቀንሳል። የሚያዩት የጭነት ቁጥሩን ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው 82 አንድ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 87 ደግሞ 545 ኪሎ። ለያሪስዎ ከ82 በታች አይግዙ፤ በነፃ ቢሰጥዎም። ቀኑንም ይዩ። ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጥርሱ ቢያምርም ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው ላስቲኩ ደርቋል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ አስገብቶ መቀጠልም አለ። ክብደት ይጨምራል፤ ግን ጉዳቱ ክብደቱ አይደለም። ካላማዳሪያው ከጎማው ጋር እየተፋተገ ይሞቃል፤ ሲፈነዳም በአንዴ ነው። ከተማ ውስጥ እስከ ጎሚስታ ለመድረስ ካልሆነ አይነዱበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ይህን እያነበባችሁ ይሆናል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ ጨምሯል። የእናንተ መኪና ፍሬን ስትይዙ ለማሽከርከር የሄደውን ጉልበት በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሳል። ስለዚህ የጎማ ክብደት ለእናንተ ከዚህም ያንሳል። የጎማው የመንከባለል ደረጃና ነፋሱ ግን በአንድ ቻርጅ የምትሄዱትን ርቀት በቀጥታ ይነካል። የጭነት ቁጥሩን ደግሞ ከማንም በላይ ተጠንቀቁ፤ ባትሪው ከባድ ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ 16ቱን ይሽጡና ወደ ፋብሪካው መጠን ይመለሱ። ገና አዲስ ሆኖ ሳለ ገዢ አለው። አሮጌው የብረት ቸርኬ እጅዎ ላይ ካለና ካልተጣመመ አራት አዲስ 175/65 አር 14 ያስገጥሙበት። ለ50 የፈረስ ጉልበትና ለሽሮ ሜዳ ዳገት የሚሆነው እሱ ነው። መልኳን ማሳመር ከፈለጉ 185/60 አር 15 አለ። ቶዮታ ራሱ በዚሁ ሞዴል ሌሎች ደረጃዎች ላይ ይገጥመው ነበር። ቁመቱ ከ14ቱ 3 ነጥብ 4 በመቶ ይበልጣል፤ ይህ የሚቻል ነው። ቸርኬው ግን ከ7 ኪሎ እንዳያልፍ መዝነው ይግዙ። በ16 ቸርኬ ልክ 195/50 የተባለ ጎኑ አጠር ያለ ጎማ አለ፤ ቁመቱ ከ14ቱ 3 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሽቅቡን ያቀልልዎታል። ሆኖም የጎኑ ቁመት ከ10 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። በእኛ ጉድጓድ ቸርኬ ማጣመም ነው፤ አልመክርም።

አሁን ያለውን ለጊዜው ይዘው ከቆዩ ሁለት ነገር አይርሱ። የመጀመሪያው ስኮርታዎ የ14 መሆኑ ነው። የፊት ጎማ ቢፈነዳ ትንሹን ከፊት አይግጠሙት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ያሠሩታል። ከኋላ ደህናውን ወደ ፊት ያምጡና ትንሹን ከኋላ ያድርጉ፤ ቀስ ብለውም ይንዱ። ሁለተኛው መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም ሞላውን የሚነካ መሆኑን ማየት ነው። የተላጨ ላስቲክ ካዩ አንድ ቀንም አይቆዩበት።

መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ነፋሱን 32 ያድርጉ። አላይመንቱንም ያስለኩ። ከዚያ ቤንዚኑን በደንብ ይለኩ። በዚያው ማደያ፣ በዚያው ቀጂ ማሽን፣ ቱቦው ራሱ ሲዘጋ ያቁሙ። ላይ ላይ አያስጨምሩ። ከሙሌት እስከ ሙሌት ያለውን የቆጣሪ ንባብ በ1 ነጥብ 065 ያባዙና ለገባው ሊትር ያካፍሉ። አንድ ሙሌት አያምኑት፤ የሦስቱን አማካይ ይውሰዱ። 13 አካባቢ ካገኙ መኪናዋ ደህና ናት። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከ12 በታች ከሆነ ጥፋቱ ጎማው ላይ አይደለም። ያኔ የተያዘ ፍሬን፣ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ወይም ያረጀ ካንዴላ ይፈልጉ። የተያዘ ፍሬን ለማወቅ ጥቂት ነድተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አንዱ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ እሱ ነው።

ቸርኬ ሲያስቀይሩ ደግሞ ብሎኑን ይመልከቱ። የአንዳንድ አሎይ ብሎን መቀመጫው ጠፍጣፋ ነው፤ የብረቱ ሾጣጣ ነው። አንዱን በሌላው ላይ ካሰሩት የጠበቀ መስሎ ይላላል። ከአዲስ ገጠማ በኋላ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ነድተው አራቱንም እንደገና ያስጠብቁ።